የክት ልብስ በሽሮ ሜዳ

የክት ልብስ ማለት ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚወጣ፣ ሌላውን ጊዜ ሳጥን ውስጥ ተከቶ የሚከርም ልብስ ነው። ስሙም ከዚያው ከመክተት ነው። ተቃራኒው የዘወትር ይባላል። ልማዱ በመላው አገሪቱ አለ። ይህ ዳሰሳ ግን በሽሮ ሜዳ ላይ ያተኩራል፤ ምክንያቱም እዚህ ልብሱን የሚያስቀምጠውና የሚሸምነው ሰው ጎረቤት ነው።

ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳር፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ይገኛል። የከተማው ሰው በሀበሻ ልብስ ገበያው ያውቀዋል። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። ከሱቆቹ ጀርባ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ዋናው ሽሮ ሜዳ ያ ነው።

ሸማኔዎቹ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መቀመጫ እላይ፣ እንጦጦ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥት ባለበት መኳንንት አለ፤ መኳንንት ባለበት ሸማ ይፈለጋል። የሸዋ ሸማኔዎች ከቀድሞም ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የጋሞ ደጋ በምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ ደግሞ፣ ሽመናን ከአባት ለልጅ ሲያወርሱ የኖሩ የዶርዜ፣ የጨንቻና የአካባቢው ባለሙያዎች ወደ መዲናዋ መምጣት ጀመሩ። አመጣጣቸው በሁለት መልክ ይነገራል። አንዳንዱ ዘማቹ ጦር ይዟቸው ተመለሰ ይላል። ሌላው ሥራ ፍለጋ በገዛ እግራቸው መጡ ይላል። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ማመንታት መታረም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ የጋሞ ሸማኔ ሁሉ “ዶርዜ” ይባላል። ዶርዜ ከብዙዎቹ የጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው እንጂ የሙያው ስም አይደለም።

እነዚህ ሰዎች አገሩን ሁሉ እያለበሱ “ቁጢት በጣሽ” ተብለው ተሰድበዋል። ስድቡ የቆየ ነው። ብረት ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪውም፣ ቆዳ ፋቂውም የየራሱ ነበረው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ሸማ የሚሠራውም እንዳይሰደብ አዘዙ። ንቀቱ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። ቢሆንም የሸማኔ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አዋጅ ነው።

በደርግ ዘመን ሸማኔዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመና ተምረዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በልማዱ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እነሱ ያንን መስመር አልፈዋል።

አሠራሩ

ጥጡ ይዳመጣል፤ ማለትም ፍሬው ይወጣለታል። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶውን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ ማጉ የተጠቀለለበትን ቀሰም የያዘ መወርወሪያ ከወዲህ ወዲያ ይልካል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ባለቀለሙን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል። ስሕተት ካለ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ነጠላ ስስ ነው። ኩታ ከነጠላ ይወፍራል፤ ወንዶች ያዘወትሩታል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ቡልኮ ከጋቢም ይከብዳል፤ ለብርድ ሌሊት ነው። ድሩም ማጉም በእጅ የተፈተለ ከሆነ “ሙሉ ፈትል” ይባላል። ዛሬ ብዙው ድር የፋብሪካ ክር ስለሆነ ሙሉ ፈትል ያለው ሰው አጥብቆ ይይዘዋል።

የሳጥኑ ነገር

ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ሽታው ነው። የጠጅ ሣር፣ የጦስኝ፣ አንዳንድ ቤት የናፍታሊን። ሁሉም ብል እንዳይበላው ነው። ከላይ በየዓመቱ የሚወጣው ቀሚስና ነጠላ ይቀመጣል። መሐል ላይ መቀነትና የአባት ኩታ። ከታች፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ካባው። የሠርግ ካባ ከፋይ በሚባለው ለስላሳ ጨርቅ (ቬልቬት) ላይ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ነው። ጃኖ ያለው ቤትም አለ፤ ያ ቀዩ ሰፊ ጥለት በድሮ ጊዜ የማዕረግ ምልክት ነበር።

የክት ልብስ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጎረቤት ልጇን ስትድር ካባ ትዋሳለች። የዛሬ ሙሽራ የለበሰችውን ካባ ከሷ በፊት አራት አምስት ሙሽሮች ለብሰውት ሊሆን ይችላል። እናቶች ቡና ላይ ሲቀመጡ “እስቲ ያንን አውጪልን” ይባላል። ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ይዳሰሳል፣ ወደ ብርሃን ይዘረጋል፣ ማን እንደፈተለውና ማን እንደሸመነው ይወራል። ስም ያልተጻፈበት ነገር በዚህ መንገድ ባለቤቱን አያጣም።

ለሸማኔው ደግሞ ሳጥኑ የናሙና መዝገብ ነው። የጥለት ንድፍ በወረቀት አይቀመጥም። የድሮ ጥለት የሚፈልግ ሰው የድሮውን ነጠላ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሸማኔ እንዲህ ዓይነት ነጠላ ሲቀበሉ አይቻለሁ። መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ክሩ የገባበት የሚነበበው ከጀርባ ነው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየገፉ ድሩን ቆጠሩ። ከዚያ “ይሄ የችኮላ ሥራ አይደለም” አሉና ለሥራው ሁለት ሳምንት ጠየቁ።

የክት ልብስ የሚወጣበት ትልቁ ቀን ጥምቀት ነው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የተባለው ለዚህ ነው። የጋሞ ተወላጆች ዘንድ ግን ከሁሉ መስቀል ይበልጣል። ያን ሰሞን ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ስለሚወጡ የሽሮ ሜዳ መወርወሪያ ጸጥ ይላል። ሐዘን ላይም ነጠላ አለ፤ ነገር ግን ተዘቅዝቆ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይለበሳል። ሰው ሳይጠይቅ ሐዘንተኛውን የሚያውቀው በዚህ ነው።

የድሮ ልብስ በሙዚየምም ተቀምጧል። የምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳት ከተራራው አናት፣ በእንጦጦ ማርያም ሙዚየም ይታያሉ። የሚሸምኑት ከግርጌ፣ የነገሥታቱ ልብስ ከአናት። ሽሮ ሜዳ የሄደ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ቢያይ ደስ ይለኛል።

አያያዝና ዕድሜ

የድሮ እናቶች ሸማ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድ ከዚህ ያለፈ ታሪክ አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ስለሆነ ግኝቱ ዓለም አቀፍ ዝናን አስገኘ። መነሻው ግን የነጠላ አጠባ ነው።

ባለጥለት ልብስ አይጨመቅም። ጥላ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በየጊዜው የሚታጠፍበትን መስመር መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጨርቁ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ዛሬ የጥለት ንድፍ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ይገባል። ርካሽ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩትም ይመሳሰላል። ሸማኔውን ክፉኛ ጎድቶታል። ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል፤ የታተመው ጀርባ የጥለት ክር አይታይበትም።

ያረጀ ልብስ አይጣልም። የሳሳ ጋቢ በጣም ስለሚለሰልስ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ ይመረጣል። የተረፈው ተጣጥፎ ድሪቶ ይሆናል። ነጠላ ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው መሐሉ ነው፤ ጥለቱ ይተርፋል። እሱን በጥንቃቄ ቆርጠው አዲስ ሸማ ላይ ይሰፉታል። እኛ ቤት የአያቴ ጥለት አለ። አረንጓዴና ቢጫ፣ ዳሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ያለበት። እናቴ ባለፈው ፋሲካ ለብሳው ነበር። አሁን ሦስተኛው ነጠላ ላይ ነው ያለው።