ስለ ሴት ብልት ባክቴሪያዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ባክቴሪያ ካለ በሽታ አለ ማለት ነው።»

አይደለም። በአብዛኞቹ ጤነኛ ሴቶች ብልት ውስጥ በብዛት የሚገኙት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የብልት ግድግዳ ግላይኮጅን (ከስኳር የተሠራ ክምችት) እንዲያከማች ያደርጋል። ላክቶባሲለሶቹ ከዚያ ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ። በዚህ የተነሳ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ይሆናል፤ ይህም አሲዳማ ነው ማለት ነው። ለብዙ ጎጂ ተህዋስያን ይህ አይመችም። ሴት ካረጠች በኋላ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ እነዚህም ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ።

«ውስጡን በደንብ መታጠብ ያስፈልጋል።»

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ብልት ውስጡን ራሱ ያጸዳል። ሳሙና፣ ዴቶል ወይም ሽቶ ያለው መታጠቢያ ወደ ውስጥ ሲገባ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይዞ ይሄዳል። ሽታው ይመለሳል፣ ሴትዮዋ ደግማ ትታጠባለች፣ ነገሩ ይብሳል። «አሲድ ከሆነማ ሎሚ ይጠቅማል» የሚሉም አሉ። ሎሚ ያቃጥላል እንጂ የሞተን ባክቴሪያ አይተካም። ውጪውን በንጹህ ውሃ መታጠብ በቂ ነው።

«ፈሳሽ ካለ ኢንፌክሽን ነው።»

ነጣ ያለ ወይም ጥርት ያለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ጤነኛ ነው። መጠኑም እንደ ወር አበባ ዑደቱ ይለያያል።

«ያው ፈንገስ ነው፣ ከፋርማሲ ክሬም ይገዛል።»

ፈንገስ ሲሆን ማሳከኩ ያይላል፤ ፈሳሹ ብዙ ጊዜ ነጭና የረጋ ወተት የሚመስል ነው። ግራጫ፣ ቀጠን ያለና የዓሣ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚመጣው ላክቶባሲለሶች ተመናምነው ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲበዙ ነው። የፈንገስ ክሬም አያድነውም። ሐኪም ብዙ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያዝለታል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር ስለሚያያዝ ቶሎ ታዪ።

«እርጎ ያድናል።»

እርጎ ምግብ ነው፣ ይበላ። ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ግን ብልት ውስጥ ከሚኖሩት ይለያሉ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት የሞከረው ከሴት ብልት የተገኘውን ላክቶባሲለስ ክሪስፓተስ ነው። ከመድኃኒት በኋላ ይህን ከተጠቀሙት በ12 ሳምንት ውስጥ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የተመለሰባቸው 30 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጠቀሙት 45 በመቶ ናቸው። የሚያበረታታ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

«ባልን አይመለከተውም።»

እኔም የምታዘበው ሴቷ ብቻዋን ስትመላለስ ነው። በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ወንዱም አብሮ ሲታከም ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ በ12 ሳምንት ውስጥ የተመለሰባቸው ሴቶች 35 በመቶ፣ ሴቷ ብቻ ስትታከም ግን 63 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። እየተመላለሰ ካስቸገረሽ ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ።