ከሰንበት ትምህርት ቤት በኋላ፦ ስለ ጎልማሳ አገልግሎት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ አጥቢያዎች ያደግን ብዙዎች ቤተ ክርስቲያንን ያወቅናት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ለደመራ መስቀል አደባባይ ዘምረናል፤ ለጥምቀት ታቦት አጅበን ጃንሜዳ ወርደናል። ዕድሜ ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ግን ብዙ ወንድሞችና እህቶች ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። እምነታቸው ቀዝቅዞ ነው ብዬ አላምንም። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳያቸው ስላጡ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሰሙት ወሬ ያርቃቸዋል።

«ሠላሳ ከሞላህ ተሰናበትክ»

አጥቢያዎች ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተዳደሩበት የቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ የሰንበት ትምህርት ቤትን ዕድሜ ከ4 እስከ 30 ዓመት ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ያው ደንብ ግን አጥቢያውን የሚያስተዳድረውን ሰበካ ጉባኤ የሚያቋቁመው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። ሠላሳ የሞላው ሰው ከወጣቶቹ ወደ ምእመናኑ ይዛወራል እንጂ ከአገልግሎት አይወጣም።

«ሰበካ ጉባኤ የሽማግሌዎች ነው»

የሽማግሌዎች ብቻ የሚሆነው ወጣቱ በምርጫው ቀን ሳይገኝ ሲቀር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ የያዘች፣ ቃለ ጉባኤ የጻፈች እህት ለዚያ ሥራ ከማንም አታንስም።

«ማኅበር ዳቦና ጠላ ነው»

ይህን ስሰማ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ሰው የሚያርቀው ይህ ነው። ጽዋ ማኅበር በየወሩ በሚዘክረው ቅዱስ መታሰቢያ ቀን በአባላቱ ቤት በተራ ይወጣል። ከውጭ የሚታየው ድግሱ ነው። ውስጥ ያለ ሰው ግን ሌላም ያያል፦ ጸሎት ተደርሶ ጽዋው ሲቀመስ የቀረው ሰው ስም ይነሣል። «እትዬ ለምን ቀሩ?» ይባላል፤ ታመው ከሆነ በማግሥቱ የሚጠይቃቸው ሰው ይላካል። የሞተበት ይጽናናል፤ የተጣላ ይታረቃል። ሰንበቴም እንዲሁ ነው፤ ባለተራው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቀረበውን ነዳያንም ይቀምሱታል።

ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣ ሰው እዚህ የሚሠራው ሞልቷል። የዕለቱን ስንክሳር (የቅዱሳን ታሪክ) አንብቦ በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። ልጆቻቸው ውጭ አገር ሆነው ብቻቸውን የቀሩ እናትን ጥቁር አንበሳ ወስዶ ካርድ ያወጣላቸዋል፣ ወረፋ ይጠብቅላቸዋል፣ ሐኪሙ ያለውን ደግሞ ይነግራቸዋል። እኔ ይህን ከማንኛውም የመዝሙር ጥናት አላሳንሰውም።

«መድረክ ከሌለ አገልግሎት የለም»

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለት ምግባቸው ችላ ተብለው ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ለማዕድ ሥራም መልካም ምስክርነትን፣ መንፈስ ቅዱስንና ጥበብን ጠየቁ። በዝርዝሩ መጀመሪያ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደመራ ከምንደምርበት አደባባይ አጠገብ ቆሟል፤ በየዓመቱ በደጁ ስናልፍ ቅዱሱ መጀመሪያ የተሾመው መበለቶችን ለመመገብ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናስባለን? የሚዘምር ይዘምር፤ ግን ድምፅ ማጉያ መያዝ የአገልግሎት መለኪያ አይደለም።

«ካገቡ በኋላ ጊዜ የለም»

በየሳምንቱ ሦስት ቀን ለጥናት መምጣት አይቻል ይሆናል። በወር አንዴ ሕፃን አዝሎ ማኅበር መሄድ ግን ይቻላል፤ እናቶቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

«ሰፈራችን ከፈረሰ አጥቢያችንም ቀረ»

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ፣ በኋላም ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ አብሮ ያደገ ሰው ተበትኗል። ማኅበሩ ግን የሚወጣው በአባላቱ ቤት ስለሆነ አዲሱ ሰፈር ድረስ ሊከተል ይችላል። የየሳምንቱን አገልግሎት ደግሞ አሁን በሚኖሩበት አጥቢያ ተመዝግቦ መጀመር ይሻላል፤ በአዳዲስ ሰፈሮች ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ አባላቱ ሠላሳ እስኪሞላቸው አትጠብቁ። ሃያ ስምንት ላይ ሳሉ ከአንድ ማኅበር ጋር አስተዋውቋቸው፤ መጀመሪያ ቀን አብራችኋቸው ሂዱ፤ ስማቸውንም ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስረክቡ።