ሶፍትዌር ፍተሻ ምንድን ነው?

ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ታክሲ ስንጠብቅ ብዙ ወሬ እንጨርሳለን። ባለፈው ሰሞን የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቴክኖሎጂ እወዳለሁ፤ ኮድ መጻፍ ግን አልሆንልህ አለኝ» አለችኝ። «እንግዲያው ፈታሽ ሁኚ» ስላት ሳቀች። ባንክ በር ላይ ቦርሳ የሚበረብረው ጥበቃ ትዝ ብሏት ነው።

ነገሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሶፍትዌር ፈታሽ አንድ መተግበሪያ ተጠቃሚው እጅ ከመግባቱ በፊት ሆን ብሎ የሚፈታተነው ባለሙያ ነው። የገንዘብ ማስተላለፊያ ቢሰጠው፣ ሒሳቡ ላይ ያለው 500 ብር ከሆነ 500ም፣ 501ም፣ ዜሮም ለመላክ ይሞክራል። «ላክ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫናል። ክፍያው ሳያልቅ ኔትወርኩን ያጠፋል፤ እኛ ሰፈር ለዚህኛው መድከም እንኳ አያስፈልግም። ስህተት ሲያገኝ «አይሠራም» ብሎ አይተወውም። ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደጠበቀ፣ ምን እንደተፈጠረ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ፕሮግራም ሠሪው ያንን ተከትሎ ስህተቱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማየት ካልቻለ ጽሑፉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አጥርቶ መጻፍ ከሒሳብ ያላነሰ ዋጋ አለው።

የእኛ አገር ፈታሽ ደግሞ ሌላው የማያስበውን ይጠይቃል። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ዓ.ም. እንደሆነችው። በዚያች ቀን የተወለደ ልጅ ቅጽ ሲሞላለት መተግበሪያው ይቀበላል? ለጠዋቱ 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ተመዝግቦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኩ ቢጮህስ? «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የአባት ይግባ የአያት? «ሐና» ተብላ የተመዘገበችው «ሃና» ተብላ ስትፈለግ ትገኛለች? ይህን ለመጠየቅ እዚህ ማደግ ይበቃል።

ከኮድ ጨርሶ ማምለጥ ግን አይቻልም። በየዕለቱ የሚደጋገመውን ፍተሻ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሠራው ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ለዚያም እንደ ፓይተን ያለ ቋንቋ ይለመዳል። በዲግሪ ደረጃ መማር ለሚፈልግ፣ ቂሊንጦ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ያስተምራል፤ ለእኛ ሰፈር ደግሞ ቅርብ ነው።

በማግስቱ ልጅቱ ታክሲ ተራው ላይ ስልኳን ዘርግታ መጣች። «ጋሼ፣ ይኸው ጳጉሜ 30ን ተቀበለኝ!»

ምን ምን እንደነካች ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትጽፈው ነገርኳት።