ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራ እንዲቀጥል፦ የጋራ ፋይሎችን ከሠራተኛ ላፕቶፕ ጋር ማናበብ በሰሜን ሸዋ

የመሥሪያ ቤት የጋራ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው አንድ ነው። ወይ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰርቨር ላይ ነው፣ ወይ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ) ላይ። ሠራተኛው ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ለሱፐርቪዥን ይወጣል፣ ለሥልጠና ይሄዳል፣ ቀበሌ ወርዶ መረጃ ይሰበስባል። ስለዚህ የፋይሉን ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ይዞ ይወጣል። ኔትወርክ በሌለበት ይሠራበታል። ሲመለስ የእሱ ቅጂና የቢሮው ቅጂ ተያይተው እኩል ይሆናሉ። ይህን የሚያደርገው ፕሮግራም ነው፤ ሥራውም በተለምዶ «ሲንክ ማድረግ» ይባላል። እኔ «ማናበብ» ማለት ይቀናኛል። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ከማመሳከር ብዙም አይለይምና።

ሰሜን ሸዋ ስል የአማራ ክልሉን ዞን ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ጣርማ በር ይወጣል፤ ዋሻው ታልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ይወረዳል። ጣርማ በር ላይ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ይወስዳል። በምዕራብ በኩል መርሐቤቴ አለ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓለም ከተማ ለመግባት የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ግድ ነው። የስልክ ሞገድ ደግሞ ገደልና ተራራ አይወድም። አንዱ ኩርባ ላይ ሙሉ የነበረው ኔትወርክ ቀጣዩ ኩርባ ላይ ድርግም ይላል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ከተማ ውስጥም ቢሆን ያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበርም አይረሳም። «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለጉዳይ ያለ አይመስለኝም። ፋይሉ በሠራተኛው እጅ ከሆነ ግን ቢያንስ የቢሮው የራሱ ሥራ አይቆምም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ «ኮዳ» የሚባል ሥርዓት ሠርተው ነበር። ከሰርቨሩ ሲቆረጥም ሥራ እንዲቀጥል የሚያደርግ ነው። ዊንዶውስ 95 «ብሪፍኬዝ» የሚባል ቦርሳ ነበረው፤ ዊንዶውስ 2000 ደግሞ «ኦፍላይን ፋይልስ» የተባለውን አመጣ። ድሮፕቦክስ በ2008፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። ላፕቶፕን ከላፕቶፕ በቀጥታ የሚያናብበው ሲንክቲንግ በ2013 ተጀመረ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ይይዛል። አሁን ላፕቶፑ ላይ ያለውን፣ አሁን ቢሮ ያለውን፣ እና ባለፈው ሲናበቡ የነበረውን። ቁልፉ ሦስተኛው ነው። እሱ ከሌለ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሲያይ የትኛው እንደተለወጠ ማወቅ አይችልም። ከባለፈው የተለየው ላፕቶፑ ላይ ያለው ብቻ ከሆነ ወደ ቢሮ ይልካል። የቢሮው ብቻ ከተለወጠ ያመጣል። ሁለቱም ከተለወጡ ግጭት ነው። አንድ ፋይል ባለፈው ከነበረና አሁን ላፕቶፑ ላይ ከሌለ ደግሞ «ተሰርዟል» ብሎ ይደመድማል። ቢሮም ሄዶ ይሰርዘዋል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ቢሮው የራሱ ሰርቨር ካለው የዊንዶውሱ ኦፍላይን ፋይልስ ይበቃል። የጋራ ፎልደሩ ላይ በቀኝ በኩል ክሊክ አድርጎ ያለ ኔትወርክም እንዲገኝ ማዘዝ ነው። ዊንዶውስ ሆም ላይ ግን አይሠራም፤ ፕሮ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ላፕቶፕ ሲገዛ ይህ ባለመታየቱ ብዙ ቢሮ በኋላ ይቸገራል።

ክላውድ ለሚጠቀሙ ትልቁ ወጥመድ የፋይሉ ምልክት ነው። የማይክሮሶፍቱ ክላውድ ዋንድራይቭ የፋይሉን ስም ያሳያል እንጂ ፋይሉን ላያወርድ ይችላል። ከስሙ አጠገብ ሰማያዊ ደመና ካለ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የለም። ውስጡ ነጭ ሆኖ አረንጓዴ የራይት ምልክት ካለው ለጊዜው አለ፤ ዲስክ ሲሞላ ሊነሳ ይችላል። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ከሆነ ሁልጊዜ አለ። እኔ መሐል ሜዳ ስብሰባ ላይ ይህ ደርሶብኛል። የዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስከፍተው አይከፈትም። ሰው እየጠበቀ ደመናዋን ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመውጣቴ በፊት ዋይፋዩን አጠፋለሁ። ከዚያ የምፈልገውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ከፍቼ አያለሁ። ካልተከፈተ አልወጣም።

የጉግል ዶክስ ተጠቃሚ ደግሞ ሌላ ነገር ይወቅ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ሰነዱ ሳይሆን ወደ ሰነዱ የሚወስድ አድራሻ ነው። ኢንተርኔት ሳለ ኦፍላይን እንዲሆን ክሮም ላይ አስቀድሞ ካልታዘዘ ገጠር ላይ ባዶ እጅ መቅረት ነው።

ለብዙ የወረዳ ቢሮ ይመቻል ብዬ የማምነው ሦስተኛው መንገድ ነው። ላፕቶፕ ከላፕቶፕ በቀጥታ ማናበብ፣ እንደ ሲንክቲንግ ባለ ነፃ ፕሮግራም። መሐል ላይ ሰርቨር የለም፣ ወርሃዊ ክፍያም የለም። ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ኢንተርኔት የሌለው ራውተር ግድግዳ ላይ ካለና ሁለቱ ላፕቶፖች ከእሱ ጋር ከተገናኙ ፋይሉ ይሄዳል፣ ይመጣል። የዳታ ሳንቲም አይቆጥርም። ችግሩ ሁለቱም በአንድ ሰዓት በርተው መገኘት አለባቸው። ሠራተኛው ከመስክ ገብቶ ክዳኑን ከዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል፣ ማናበቡም ይቆማል። ቢሮ ሲገቡ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ቻርጀር ሰክቶ፣ ቡና እስኪጠጣ ድረስ መተው ጥሩ ልማድ ነው። በስልክ ሆትስፖት የሚያናብብ ደግሞ ግንኙነቱ በዳታ መጠን የሚከፈልበት መሆኑን ዊንዶውስ ላይ ያመልክት። ያኔ ዋንድራይቭ ራሱ ቆም ይላል፣ ካርድም አይበላም።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። ስለ ፋይል ማናበብ የሚጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነኩም። ለኛ «ዕቅድ» እና «እቅድ» አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተር ሁለት የተለያየ ስም ነው። «ሥራ»ና «ስራ»፣ «ሐምሌ»ና «ሀምሌ» እንደዚሁ። አንዱ ባለሙያ ሸዋ ሮቢት ሆኖ «የ2017 ዕቅድ» የሚል ፎልደር ይከፍታል። ሌላዋ ደብረ ሲና ላይ «የ2017 እቅድ» ትከፍታለች። ሁለቱም ሲናበቡ ፕሮግራሙ ምንም ግጭት አያይም። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ግማሹ መረጃ አንዱ ውስጥ፣ ግማሹ ሌላው ውስጥ ይቀራል። ማንም ሳያውቅ ሰኔ 30 ይደርሳል።

እዝባሯም (/) አለች። «ጽ/ቤት»፣ «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ» ብለን ነው የምንጽፈው። ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ውስጥ ያቺን ጭረት አይቀበልም። አንዱ «ጽቤት» ይላታል፣ አንዱ «ጽ-ቤት»፣ አንዱ ዘርዝሮ «ጽሕፈት ቤት»። ይኸው ሦስት ፎልደር። ቀንም ያው ነው፤ 30/10/2017 ብሎ መሰየም አይቻልም። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ የወሩን ቁጥር መጻፍ ይሻላል፦ 2017-10። የወር ስም ከተጻፈ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይሰለፋል፣ ሐምሌም ከመስከረም በፊት ይመጣል። አጋጣሚ ሆኖ ሐምሌ የበጀት ዓመታችን መጀመሪያ ነው፤ ግን ከእሱ ቀጥሎ የሚሰለፈው ነሐሴ ሳይሆን መስከረም ነው።

ፎንትም አይረሳ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። ማናበቢያው ሰነዱን እንጂ ፎንቱን ስለማያመጣ ነው። በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ) የተጻፈ ይህ ችግር የለበትም።

ግጭት ሲፈጠር ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታረቅ አይሞክሩም፤ ልክም ናቸው። ሁለቱንም ያስቀምጣሉ። ሲንክቲንግ በአንደኛው ስም ላይ ግጭት መሆኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጨምርበታል። ዊንዶውስ የላፕቶፑን፣ የሰርቨሩን ወይስ ሁለቱንም ልያዝ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ሥራ ነው። ሁለቱን ከፍቶ፣ ረድፍ ከረድፍ አመሳክሮ፣ አንድ ማድረግ። አድካሚ ነው። እኔ ያየሁት መፍትሔ ከፕሮግራሙ ውጭ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤት ይኑረው። ሌላው ያያል እንጂ አይነካም። አምስት ባለሙያ አንድ ኤክሴል ከሚሞላ አምስቱም የየራሱን ይሙላ፣ አንድ ሰው ይደምር። ይህን ስምምነት ያደረገ ቢሮ በማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል። ያላደረገ ግን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» በሚሉ ፋይሎች ይሞላል።

በዚህ መንገድ መናበብ የሌለበት ነገርም አለ። ፒችትሪን የሚጠቀም ሒሳብ ክፍል የድርጅቱን የሒሳብ ፎልደር በክላውድ ማናበቢያ ውስጥ ማስገባት የለበትም። ውስጡ ያሉት ብዙ ፋይሎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ግማሾቹ ደርሰው ግማሾቹ ከቀሩ ሒሳቡ ይበላሻል። አክሰስ ላይ የተሠራ ዳታቤዝም እንደዚያው። እነዚህ ፕሮግራሙ ራሱ በሚያወጣው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይያዙ።

ሰዓት ትንሽ ነገር ይመስላል። በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለችው ክብ የሳንቲም ባትሪ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለ ቀን ይመለሳል። ዛሬ የተጻፈው ፋይል አሮጌ ይመስላል፣ ክላውዱም አላስገባም ይላል። ሰዓቱን ወደኛ አቆጣጠር ለማምጣት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ። እባካችሁ አትመልሱ። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ ትቀየር።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳትን ነጥብ አሁን ላንሳ። ማናበብ ባክአፕ አይደለም። አንዱ በስህተት ከሰረዘ ሁሉም ዘንድ ይሰረዛል። ቫይረስ አንዱ ላይ ያበላሸው ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን 30 ቀን፣ የመሥሪያ ቤት ዋንድራይቭ 93 ቀን ያቆየዋል። ሲንክቲንግ የቆዩ ቅጂዎችን እንዲያስቀር ካልታዘዘ አያስቀርም። ስለዚህ በየሳምንቱ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ፣ ተነቅሎ የሚቀመጥ ቅጂ ያስፈልጋል። ተሰክቶ የሚቀር ዲስክ አይቆጠርም።

ላፕቶፕ ደግሞ ይጠፋል። ሚኒባስ ላይ ይረሳል፣ መናኸሪያ ላይ ይሰረቃል። ውስጡ የታካሚ ወይም የተረጂ ስም ዝርዝር ካለ ጉዳቱ ከላፕቶፑ ዋጋ በላይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ሆኗል። ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ መቆለፍ፣ ቁልፉን ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር ሳይሆን ቢሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሠራተኛውም የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ ይያዝ፤ የመስክ ባለሙያ የሰው ኃይሉን ፋይል ይዞ የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞራል። ላፕቶፑን ተረክቦ ወዲያው ማጽዳት የተለመደ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፑ ከቢሮው ጋር አንዴ ይናበብ፣ ከመስክ ያልገባ ሥራ ሊኖር ይችላልና። ቀጥሎ ያልተላከ ወይም የተጋጨ ፋይል አለመኖሩ ይታይ። ከዚያ ግንኙነቱ ይቋረጥ። ፋይሉ የሚሰረዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግንኙነቱ ሳይቋረጥ የተሰረዘ እንደሆነ በዚያው ምሽት ከቢሮውም፣ ከባልደረቦቹም ላፕቶፕ ይጠፋል።