«ስኳር እኮ የለበትም!» እና ሌሎች የቸኮሌትና ሙዝ ስሙዚ ወሬዎች

የሥነ ምግብ ምክር ፈልጎ ከፊቴ የሚቀመጥ ሰው ስለሚወደው ስሙዚ ሲያወራ መጀመሪያ የሚነግረኝ ያልጨመረበትን ነው። «ቤት ውስጥ ነው የማዘጋጀው፤ ስኳር እኮ የለበትም!» የጨመረበትን ለማወቅ ግን አንድ በአንድ መጠየቅ የእኔ ዕዳ ነው። አንዲት ደንበኛዬን ጠይቄያት ለአንድ ብርጭቆ ቁርሷ ሁለት ሙዝ፣ ወተት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቸኮሌት ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ብላ ቆጠረችልኝ። ስኳር ግን የለበትም!

ማሩን እናስቀድም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ያው ማንኪያ በነጭ ስኳር ቢሞላ የሚይዘው 12 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን ከነጭ ስኳር ጋር በአንድ ረድፍ አስቀምጦ፣ ሁሉም ተደምሮ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። የደንበኛዬ ማር ብቻውን 34 ግራም ስኳር ነበረው፤ ያውም ገና በጠዋቱ። «ማር እኮ ተፈጥሯዊ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። ሸንኮራ አገዳስ ፋብሪካ ውስጥ ይበቅላል?

ይበልጥ የሚያናድደኝ የቸኮሌት ዱቄቱ ነው። ለመጠጥ የተዘጋጀ የቸኮሌት ዱቄትና የካካዎ ዱቄት አንድ አይደሉም። ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ፤ ይዘቱ የሚዘረዘረው በክብደት ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው «ስኳር» ከሆነ የገዛችሁት ካካዎ የነካው ስኳር ነው። ንጹሕ የካካዎ ዱቄት በአንድ የሾርባ ማንኪያ 12 ካሎሪ ገደማ ቢኖረው ነው። መራራ ነው፤ አዎ። ምሬቱን መሸፈን የሙዙ ሥራ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚሆነው ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣው ሙዝ ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ የምትጥሉት እሱን ነው! ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ጣፈጠ እንጂ አልተበላሸም።

«ሙዝ ያወፍራል።» መካከለኛ ሙዝ 105 ካሎሪ ገደማ አለው። እንለፈው።

«ብሌንደር የሙዙን አሰር (ፋይበር) ያጠፋል።» ይቆራርጠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አሰር የሚቀረው ጭማቂ ሲጠለል ነው። ይሁንና መጠጣት ከማኘክ ስለሚፈጥን ሁለተኛውን ሙዝ ተዉት።

«ለልብ መድኃኒት ነው።» ይህን የሚሉት ካካዎ ውስጥ ያለውን ፍላቫኖል የተባለ ንጥረ ነገር አስበው ነው። ችግሩ ሙዝ ፍላቫኖልን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ ሲላጥ የሚያጠቁረውም እሱው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ሙዝ ያለበት ስሙዚ ሲጠጡ ሰውነታቸው ያገኘው ፍላቫኖል በእንክብል ብቻ ከወሰዱበት ጊዜ በ84 በመቶ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ጣዕሙን ወዳችሁ ጠጡት፤ መድኃኒት ግን አትበሉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰለ ሙዝ ልጣችሁ (ከነልጣጩ ከቀዘቀዘ በኋላ መላጡ ፈተና ነው) ቆራርጡና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ በረዶ ሳያቀጥነው ወፍራም ይሆናል። ካካዎ በቀዝቃዛ ወተት ስለሚጓጉል አንድ የሾርባ ማንኪያውን አስቀድማችሁ በጥቂት ሞቅ ያለ ወተት በጥብጡት። ከዚያ ሙዙንና አንድ ብርጭቆ ወተት ጨምራችሁ ፍጩት። ጣፋጭነቱ ካነሰባችሁ ማሩን ከማንሣታችሁ በፊት በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ የበሰለ ሙዝ ሞክሩ።