የቦታ ትውስታ ምንድን ነው? መንገድ ማጥናት አንጎልን እንዴት ይለውጣል?

ጅማ ውስጥ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው የመንገድ ስም ሲጠራ ብዙም አይሰማም። «አጂፕን አለፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ይላል፤ ሹፌሩም ያደርሰዋል። በክረምት አንዱ መንገድ በጭቃ ቢዘጋ በሌላ በኩል ዞሮ ያወጣዋል። ቦታዎችን ከነአቅጣጫቸውና ከነርቀታቸው ይዞ የማቆየት ችሎታ የቦታ ትውስታ ይባላል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም አለን። እ.ኤ.አ. በ1971 ተመራማሪዎቹ ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ፣ አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ የሚነቁ ሕዋሳት እዚያ እንዳሉ አሳይተዋል።

ትውስታው ለዓመታት እንዲቆይ ግን የሕዋሳቱ መንቃት ብቻ አይበቃም። አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለው መገናኛ ይጠነክራል፣ አዳዲስ መገናኛዎችም ይበቅላሉ። ውኃ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ እንዲያገኙ ለቀናት በሠለጠኑ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ የነርቭ ክሮች አዲስ ጫፍ አውጥተው ታይተዋል። መንገድ አጠናን ስንል፣ አካላችን ተለወጠ ማለታችን ነው።

በሰው ላይ ይህን በግልጽ ያሳየችው የአንጎል ተመራማሪዋ ኤሌኖር ማጓየር ናት። የለንደን ታክሲ ሹፌር ለመሆን 25,000 ገደማ ጎዳናዎችን አጥንቶ መፈተን ግድ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ጥናቷ የሹፌሮቹ ሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች ተልቆ ተገኘ። ሲፈጠሩ እንዲያ ቢሆኑስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጥናት መልሱን ሰጠ፦ 79 ሠልጣኞች ሲጀምሩ ከሌላው ሰው አይለዩም ነበር፤ በመጨረሻ ለውጡ የታየው ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ዋጋም ያስከፍላል። የታክሲ ሹፌሮቹ የሂፖካምፐስ የፊት ክፍል አንሶ ተገኝቷል፤ አዲስ ምስል በማስታወስም ደከም ይላሉ።

በአንድ መስመር የሚመላለሱ የለንደን አውቶቡስ ሹፌሮች ላይ ይህ የሂፖካምፐስ ለውጥ አልታየም። ቀኑን ሙሉ መንዳት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። በእኔ እምነት የጅማ ባጃጅ ሹፌር ሥራ ከታክሲው ይቀርባል፤ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር መንገዱን አስቦ ማውጣት አለበትና።

ሁለቱም ሂፖካምፐሱ የተጎዳበት አንድ የለንደን ታክሲ ሹፌር ደግሞ ዋና ዋና መንገዶቹን አልረሳም፤ ከእነርሱ ሲወጣ ግን ይጠፋበት ነበር። የቆየ ትውስታ በከፊል በሌላው የአንጎል ክፍልም ይያዛል። አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ስለሆነ፣ የልጅነት ሰፈራቸውን የጅሬንን መንገድ አሳምረው የሚናገሩ አባት ወደ አዲሱ ቤታቸው መመለሻው ሊጠፋቸው ይችላል። ይህ ሲደጋገም «እርጅና ነው» ብሎ ከመተው ሐኪም ጋ መውሰድ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ ምክንያቱ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ ችግር ሆኖ ይገኛል፣ ይህ ደግሞ ይታከማል።