የቤት ሒሳብ ፋይልን በቤት ዋይፋይ መጋራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ የቤት ሒሳብ መያዝ ቀልድ አይደለም። የቡናው ገንዘብ በዓመት አንዴ ይገባል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ለቀማ ድረስ እሱ ነው የሚበላው። በመሃል ዕቁብ አለ፣ እድር አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ሂርማታ ገበያ ሱቅ ያለው ደግሞ የየቀኑ ሽያጭ አለበት። ደብተሩን ትቶ ግኑካሽ (ነፃ የሒሳብ ፕሮግራም ነው) ወይም ኤክሴል ላይ የሚመዘግብ ቤተሰብ አይጠፋም። ጣጣው የሚመጣው አባትም እናትም ልጅም በየራሳቸው ኮምፒውተር ያንኑ ፋይል መክፈት ሲፈልጉ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የኔትወርክ ባለሙያ ይሆናል። ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች የባሰባቸውን ላንሳ።

«ፒችትሪን ቢሮ ውስጥ ስንት ሰው አንድ ላይ ይሠራበት የለ? የኛም ያው ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ አካውንቲንግ የተማሩ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ያው አይደለም። ፒችትሪ የድርጅት ሒሳብ ፕሮግራም ነው፤ ለብዙ ተጠቃሚ የተሠራው ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሞተር አለው። ሁለት ሰው እኩል ሲጽፍ ማን የቱን መዝገብ እንደያዘ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ግኑካሽና «ኩዊክን» የሚባለው የቤት ሒሳብ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ዳኛ የላቸውም፤ የተሠሩት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ነው።

ግኑካሽን እንይ። በተለመደው አቀማመጡ ፋይሉን ሲከፍት ሙሉውን ሚሞሪ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሴቭ ሲባል ደግሞ ሙሉውን መልሶ ይጽፈዋል። እንግዲህ አባት ሳሎን ቁጭ ብሎ የሱቁን ሽያጭ ያስገባል፣ እናት መኝታ ቤት ሆና የአስቤዛውን ወጪ ታስገባለች፣ አባት ሴቭ ይላል፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ እሷም ሴቭ ትላለች። የሁለቱ ሥራ አይደመርም። ፋይሉ ላይ የሚገኘው የእሷ ብቻ ነው፣ የእሱ ከዋናው ፋይል ይጠፋል። ሴቭ ሲሉ ምንም ማስጠንቀቂያ ላያዩ ይችላሉ፤ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ አልገጥም ሲል ነው።

«እሺ፣ ዳታቤዝ ላይ ባስቀምጠውስ?» የሚል አለ። እውነት ነው፣ ግኑካሽ ኤስኪውላይት፣ ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ የሚባሉ ዳታቤዞች ላይም ማስቀመጥ ይችላል። ግን የራሱ መመሪያ እንደሚለው ያም ሆኖ ለብዙ ተጠቃሚ አልተሠራም። ኤስኪውላይትን የሠሩት ሰዎችም ፋይሉን በኔትወርክ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ከብዙ ኮምፒውተር መጻፍን አይመክሩም፣ ምክንያቱም የኔትወርክ ፋይል መቆለፊያ (ሁለት ሰው እኩል እንዳይጽፍ የሚከለክለው) ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። ፋይሉን መጋራት ይቻላል። እኩል መጻፍ ነው የማይቻለው።

«ተቆልፏል ሲለኝ ዝም ብዬ 'ለማንኛውም ክፈት' እለዋለሁ»

ፎልደሩን ከፍታችሁ እዩት። ግኑካሽ ሥራ ላይ ሳለ ከሒሳቡ ፋይል ጎን ስሙ በኤል ሲ ኬ የሚያልቅ ትንሽ ፋይል ይቀመጣል። መቆለፊያው እሱ ነው። ፕሮግራሙ በወጉ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ሌላ ሰው በዚህ መሃል ሊከፍት ሲል መቆለፉ ይነገረውና ምርጫ ይሰጠዋል፤ ለንባብ ብቻ መክፈት አንዱ ነው፣ በግድ መክፈት ሌላው።

እኛ ጋ ያለው ችግር መብራት ነው። ዴስክቶፑ ድርግም ሲል ፕሮግራሙ በወጉ ስላልተዘጋ መቆለፊያው እዚያው ይቀራል። በማግስቱ ማንም ሳይከፍተው «ተቆልፏል» ይላል። ሰውም በግድ መክፈት ይለምዳል፣ መልእክቱን ማንበቡንም ይተዋል፣ እና አንድ ቀን እውነትም ሌላ ሰው ከፍቶት እያለ ይከፍተዋል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ «እማዬ፣ ሒሳቡን ከፍተሽዋል?» በሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሶፍትዌር አላየሁም። ማንም ካልከፈተው የቀረውን መቆለፊያ ማለፍ ችግር የለውም። ማየት ብቻ የፈለገ ደግሞ ለንባብ ብቻ ይክፈተው።

ኤክሴልም ፋይሉ ተይዟል ሲል የያዘውን ሰው ስም ያሳያል። ግን የሚያሳየው ኦፊስ ላይ የተሞላውን ስም ነው። ሁሉንም ኮምፒውተር አንድ ሱቅ ከጫነላችሁ ሁላችሁም «ዩዘር» ልትሆኑ ትችላላችሁ። ገብታችሁ የየራሳችሁን ስም ሙሉበት።

«መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው»

ላፕቶፑ አለው፤ ራውተሩ የለውም። ፋይሉ ያለው ደግሞ ሌላ ክፍል ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ እሱም አብሮ ጠፍቷል። ሴቭ ብላችሁ ግማሽ ላይ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ክረምት ሲገባ፣ ያ የጅማ ዝናብ ከነመብረቁ ሲወርድ፣ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። ቀላሉ መፍትሔ ፋይሉን ወደራሳችሁ ኮምፒውተር ቀድታችሁ መሥራት፣ ስትጨርሱ ዘግታችሁ መልሳችሁ ማስቀመጥ ነው። በዚያ መሃል ሌላው እንዳይነካው መነጋገር አለባችሁ። ከዚህም የተሻለው መጻፍን ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ መተው ነው፤ መጻፍ የፈለገ ተራውን ጠብቆ እዚያ ይቀመጣል። አሮጌ ዘዴ ነው፣ ግን ፋይል አያበላሽም።

«ዋይፋዩ ላይ ያለነው እኛው ነን»

እርግጠኛ ናችሁ? ግቢ ውስጥ ተከራይ ካለ ዋይፋዩን ሳይጋራ አይቀርም። ለበዓል የመጣ ዘመድ ፓስወርዱን ወስዷል፣ የጎረቤት ልጅ ከልጃችሁ ስልክ ላይ በኪውአር ኮድ ወስዷል። ይህ ሁሉ ሰው እናንተ ሺር ያደረጋችሁት ፎልደር ያለበት ኔትወርክ ላይ ነው።

አሁን ፎልደሩን እንዴት ሺር እንዳደረጋችሁት አስታውሱ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፦ ከሌላው ኮምፒውተር ሲከፍት ስምና ፓስወርድ ይጠይቀዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ይገባና በፓስወርድ የሚጠበቀውን ሺሪንግ ያጠፋዋል፣ ፈቃዱን ደግሞ «ሁሉም ሰው» ላይ አድርጎ ማንበብም መጻፍም ይሰጣል። ይሠራል! በጣም ይሠራል። ለተከራዩም ይሠራል።

መልሱ ለየሰዉ የዊንዶውስ አካውንት ከፍቶ በስም መፍቀድ ነው። ሒሳቡን ለሚይዙት መጻፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጅ ማንበብ ብቻ። ራውተራችሁ የእንግዳ ኔትወርክ ካለው ተከራዩንና እንግዳውን እዚያ አስገቧቸው፤ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ ኮምፒውተሮቻችሁን ግን አያዩም። የራውተሩን የራሱን መግቢያ ፓስወርድም ቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተለጥፎ የመጣው እንዳለ ነው የሚቀረው። «ፎልደሩን ደብቄዋለሁ» የምትሉ፣ መደበቅ መቆለፍ አይደለም።

«ፓስወርድ አድርጌበታለሁ»

የቱን? ኤክሴል ላይ ሁለት የተለያየ ነገር አለ። ሺቱን መጠበቅ የሚባለው ሰው ቀመር በስህተት እንዳይነካ ነው፤ ቁጥሩን ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ፋይሉን በእርግጥ የሚያመሰጥረው ለመክፈት ራሱ ፓስወርድ የሚጠይቀው ነው፣ እሱ ከረሳችሁት ለእናንተም አይከፈትም። ግኑካሽ ጭራሹን ፓስወርድ የለውም። ፋይሉ የተጨመቀ ጽሑፍ ነው፣ የተጨመቀ ፋይል በሚዘረጋው ሰቨን ዚፕ ዘርግታችሁ በኖትፓድ ብትከፍቱት የባንክ አካውንቱ ስም፣ መጠኑ፣ «የቡና ሽያጭ» ብላችሁ የጻፋችሁት ማስታወሻ ሁሉ በግልጽ ይታያል። መደበቅ ከፈለጋችሁ ዲስኩን ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት በሚባሉት የማመስጠሪያ ፕሮግራሞች አመስጥሩ።

«ቫይረስ የሚመጣው በፍላሽ ነው»

በፍላሽም ይመጣል። ግን ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያተራመሰው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ፍላሽ አላስፈለገውም። የዊንዶውስ ፋይል ሺሪንግ የሚጠቀምበት አሮጌው ኤስኤምቢ ቁጥር 1 ላይ በነበረ ቀዳዳ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያስተላለፈ ፋይል ቆልፎ ቤዛ ጠየቀ። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዳው አፕዴት ያላደረገው ነው። አሁንም አሮጌ የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ፎልደሩን አላይ ሲለው ይህንኑ ኤስኤምቢ 1 መልሶ የሚያበራ አለ። አታብሩት። ያን ኮምፒውተር ከሒሳቡ አርቁት።

«ጎግል ድራይቭ ላይ አለ፣ ባካፕ አለኝ»

ድራይቭ የሚያደርገው ማመሳሰል ነው። የተበላሸውን ፋይል በፍጥነት ያመሳስልላችኋል፣ በስህተት ያጠፋችሁትንም ከሌላው ላፕቶፕ ላይ ያጠፋላችኋል። የቆየ ቅጂና የቆሻሻ ቅርጫት እንዳለው አውቃለሁ፣ ግን ለዘላለም አያስቀምጥም፤ ስህተቱን ካንድ ወር በላይ ቆይታችሁ ካወቃችሁ ልታጡት ትችላላችሁ። ግኑካሽም ሴቭ ባላችሁ ቁጥር ቀንና ሰዓት ያለበት የቀድሞ ቅጂ እዚያው ጎን ያስቀምጣል፣ ካልቀየራችሁት ለ30 ቀን። ጥሩ ነው፣ አባትን ከላይ ካለው መዘዝ ሊያወጣው የሚችለው እሱ ነው። ግን ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል።

የሚሻለው በየሳምንቱ ፕሮግራሙን ዘግቶ፣ ፋይሉን ቀኑን በስሙ ላይ ጽፎ ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳትና ዲስኩን ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ መክተት ነው። «ሒሳብ የመጨረሻ»፣ «ሒሳብ የመጨረሻ 2»፣ «ሒሳብ በቃ የመጨረሻ» እያላችሁ አትሰይሙ፣ ቀን ብቻ። አልፎ አልፎ ደግሞ ቅጂውን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ክፈቱትና የባንኩን ቀሪ ሒሳብ በዚያ ቀን ከነበረው ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ወይም ካልተከፈተ ዋናው ፋይል ደህና ሳለ ሌላ ቅጂ ውሰዱ።